ልጄ ድስት እያማሰለች የሰማችው መርዶ

ላሊበላ በመጣሁ ቁጥር ከኔትወርኩ መሥሪያ ቤት ፊት ለፊት ካለች ድንጋይ ላይ እቀመጣለሁ። ጥላ የላትም። ነፋሱም የመንገዱን አቧራ ይዞ መጥቶ ፊት ላይ ነው የሚያራግፍ። የተሻለ መቀመጫ አጥቼ አይደለም። ከዚያች ድንጋይ ላይ ሆኜ በመስኮቱ በኩል አንድ ሰው ይታየኛል፤ እኔም እታየዋለሁ። ቆሎዬን አውጥቼ ቀስ እያልኩ እቆረጥማለሁ፤ እሱ አንገቱን ይደፋል። ሌላ ጉዳይ የለኝም።

ሰው ደግ ሴት ናት ይለኛል፣ እኔም ክፉ ነኝ ብዬ አላስብም። የባሌ ወንድም ድንበር ገፍቶ ማሳችንን ሲያርስ ትቼለታለሁ። ላሜን በሁከቱ ጊዜ ነድቶ የሄደውን ሰው ኋላ ገበያ አግኝቼው፣ ውሃ ቢለምነኝ አጠጥቼዋለሁ። ይኸኛውን ግን አልተውኩትም። ለምን እንዳልተውኩት ነው የምጽፍ።

ትምህርት ቤት ደጅ ረግጬ አላውቅም። ፊደል ያስቆጠረኝ ባሌ ነው። እሱ በልጅነቱ ቆሎ ተማሪ ነበር፤ ኋላ በሬ ጠምዶ ቀረ እንጂ ዳዊቱን አልተወም። ክረምት ሥራ ሲቀል በስንደዶ እየጠቆመ ያስነብበኛል፤ ስሳሳት ይስቃል፣ ስቄ ስነሳ ደግሞ «ተቀመጪ፣ እግርሽ መቼም ቤት አይወድ» ይለኛል። እውነቱን ነው። ልጆቹ ካደጉ ወዲህ ከንግሥ ወደ ንግሥ ነው ኑሮዬ። ጊዮርጊስን ኮን ከተማ ካከበርኩ ማርያምን ኩልመስክ ነኝ፤ በመካከሉ ጋሸና ወርጄ ምግብ ቤት ካላት ወዳጄ ዘንድ አድራለሁ።

ታናሺቱ ልጄ አረብ አገር ሰው ቤት ትሠራለች። እመቤቷ ሲም ካርድ አትፈቅድላትም። ያላት የቤቱ ዋይፋይ ብቻ ነው፤ ስለዚህ የምንገናኘው በድምፅ መልእክት ነበር። እሷ ተናግራ ትልካለች፣ እኔ ኔትወርክ ያለበት ስደርስ እሰማና እመልሳለሁ። አንድ ሰሞን ታዲያ ያ መልእክት የሚመጣበት ነገር ተዘጋ። ስልኩ ይደውላል፣ ኢንተርኔቱም አለ ይላሉ፣ እሱ ብቻ አይከፈትም። ያን ጊዜ ነው የጋሸናዋ ወዳጄ ቪፒኤን የሚሉትን ስልኬ ላይ የጫነችልኝ።

«እትዬ፣ ይችን የቁልፍ ሥዕል አዩዋት?» አለችኝ። «መጀመሪያ እሷን ይንኩ። ትዞራለች። አረንጓዴ ስትሆን ወደ ልጅዎ ይግቡ።»

«ምንድን ናት?»

«የጓሮ በር ናት። በዋናው በር የቆመው ሰውዬ አያይዎትም። የት እንዳሉም አያውቅ፣ ስልክዎ ሆላንድ ነኝ ይለዋል።»

እውነትም ስልኬ ሆላንድ ነኝ ይላል። እኔ ጋሸና አግዳሚ ላይ ጋቢዬን ተከናንቤ ቁጭ ብያለሁ። የጭነት መኪና ሹፌሮቹ ነገሩን ለምደውት ሲመጡ ይጠይቁኛል።

«እማማ፣ ዛሬስ የት አገር ነዎት?»

«ዛሬ ጀርመን ነኝ።»

«ብርዱ እንዴት ነው?»

«ከጋሸና ይሻላል።»

እንዲህ እየተባለ፣ የልጄን ድምፅ በጓሮ በር እየገባሁ ስሰማ ከረምኩ። እሷም የአባቷን ሳል ቤት ሆኜ በቀዳሁት መልእክት ውስጥ ትሰማና «ምነው ሳሉ ጠና?» ትላለች። ብርድ ነው እላታለሁ።

ባሌ የሞተው እህሉ ከአውድማ በገባ ሰሞን ነው። ታሞ ብዙ አልተኛም። ቀበርነው፣ ድንኳኑ ፈረሰ፣ የሩቁም የቅርቡም ዘመድ ተረዳ። የቀረችው እሷ ናት።

በእኛ አገር መርዶ በዘፈቀደ አይነገርም። ጎህ ሲቀድ ነው፣ ሰው እህል ሳይቀምስ። ዘመድና ጎረቤት ቀድሞ ደጅ ላይ ይሰበሰባል፤ ማን በቀኝ ማን በግራ እንደሚይዝ ይነጋገራል። የሚናገረው ሽማግሌ ይታወቃል። ከዚያ በፊት አገሩ ሁሉ ሞቱን እያወቀ የሐዘኑ ባለቤት ፊት ይስቃል፣ ስለ ዝናብ ያወራል። ውሸት አይደለም ይኸ። ሰው ሐዘኑን ብቻውን ቆሞ እንዳይቀበለው ነው፤ ሲወድቅ የሚወድቅበት እጅ እንዲኖር ነው።

ልጄን እኔ ልነግራት አልችልም፤ በስልክ ብነግራት ማን ይይዛታል? ግን እዚያው ከተማ ሁለት የላስታ ሴቶች አሉ። እሑድ ስትፈቀድላት ቤተ ክርስቲያን ይገናኛሉ። ለእነሱ የምለውን በልቤ አዘጋጅቼ ጨርሻለሁ። እኅቶቼ፣ አባቷ አርፏል፤ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ወደ ቤታችሁ ውሰዷት፣ ግራና ቀኝ ይዛችሁ ንገሯት፣ ያን ቀን ብቻዋን እንዳታድር። ይችው ናት መልእክቴ። የሴቶቹ ስልክ ቁጥር የለኝም፤ የማገኛቸው በዚያው በተዘጋው ነገር ውስጥ ነው። ቁልፏን ነካኋት። ዞረች። ዞረች። አረንጓዴ አልሆን አለች። ኮረብታ ላይ ወጣሁ፣ ስልኩን አጥፍቼ አበራሁ። ያው መዞር ነው። ከል ልብሴን እንደለበስኩ ላሊበላ ወደ መሥሪያ ቤቱ መጣሁ።

ሰልፍ ነበር። ተራዬ ሲደርስ ከመስኮቱ ኋላ ያለው ሰው የታላቅ ልጄ እኩያ ነው። ስልኬን ሰጠሁት።

«ልጄ፣ ይች ቁልፍ አረንጓዴ አልሆን አለችኝ።»

አየና ሳቀ። ጓደኛውን ጠራው። «ና እይ፣ እማማ ቪፒኤን ይጠቀማሉ።» ከዚያ ወደ እኔ ዞረ፤ «ይኸ እኮ ተዘግቷል እማማ። ሌላ ብልሽት አይደለም፣ ራሳችን ነን የዘጋነው።»

«ስለምን?»

«ከላይ ነው።»

«ለአንዲት መልእክት ክፈትልኝና መልሰህ ዝጋው። መርዶ ነው። ልጄ አባቷ ሞቶባታል፣ ብቻዋን እንዳትሰማ ብዬ ነው።»

«እማማ፣ እኛ ሲም ካርድ ነው የምንሸጥ። መርዶ አንልክም።»

ከሰልፉ የሳቀ አለ፣ መሬት መሬት ያየም አለ። ሰውየው ቁልፏን በጣቱ ተጭኖ ያዛትና አጠፋት። ከስልኬ ላይ ቦታዋ ባዶ ሆነ። «እንዳይቸግርዎት ብዬ ነው፣ ፍተሻ ላይ ቢያገኙብዎት መከራ ነው» አለኝ። ሰውን የጠቀመ ሰው ፊት ነበረው። ስልኬን መልሶ የራሱን አነሣ፤ ጭፈራ ይታይበታል። ከላይ በኩል፣ ሰዓቱ አጠገብ፣ ያችው ትንሿ ቁልፍ ነበረች። ፊደል ቢያቅተኝ ያችን ቁልፍ አልስትም። የሱ ጓሮ በር ክፍት ነው።

ወጥቼ ከዚያች ድንጋይ ላይ ቁጭ አልኩ። «ከላይ» የሚለው ነገር አልገባኝ አለ። እኛ አገር ቅዱሱ ሁሉ ወደ ታች ነው የተፈለፈለ፤ ለመሳም ይወረዳል እንጂ አይወጣም። ከላይ የማውቀው በረዶ ሲመጣ ነው፣ እሱም እህል ሊያወድም። ተነሥቼ ቤተ ጊዮርጊስ ወረድኩና ተሳልኩ። ይኸን ሰው በልጄ ያመጣውን ቀን አሳየው፣ ጧፍ አገባለሁ አልኩ። ሰው ለልጅ፣ ለጤና ይሳላል። እኔ ለዚያ ተሳልኩ፤ ስወጣ ልቤ ቀሎኝ ነበር።

ልጄ ሰማች። አዲስ አበባ ያለ የአጎቷ ልጅ የአባቷን ፎቶ ሻማ አድርጎበት ኢንተርኔት ላይ ለጥፎት ኖሯል። እሱ ክፋት አላሰበም፤ ተረድታለች ብሎ ነው። እኔ ይኸን ያወቅሁት ቆይቼ፣ የጋሸናዋ ወዳጄ በራሷ ስልክ ሌላ መክፈቻ አግኝታ፣ ልጄ በእሷም በኩል የላከቻቸው የቆዩት መልእክቶች ሲወርዱ ነው። ልጄ ፎቶውን ያየች ጊዜ እዚያው ቆማ የቀዳችው መልእክት ነበረ።

«እማዬ፣ አየሁት። ወጥ ቤት ነኝ። እንግዶች አሉ፣ ሴትዮዋ እየጠራችኝ ነው። ድስቱን አላወረድኩትም፣ ያርራል።»

ከዚያ ቃል የለም። ማማሰያው የድስቱን ቂጥ ሲፍቅ ይሰማል። ይዞራል፣ ይዞራል። ወዳጄ አፏን በነጠላዋ ይዛ ወደ ጓዳ ገባች። እኔ ደግሜ ሰማሁት። እንዳልረሳው ብዬ ነው የደገምኩት።

ከዚያ በኋላ በየንግሡ የምለው ጸሎት አንድ ሆነ። ታቦት ሲወጣ ሰው እልል ይላል፤ እኔ ያን ሰው ለታቦቱ አሳስባለሁ።

ክረምቱ አልፎ ኩልመስክ ወረድኩ። ያን ጊዜ ስልኩም ጭምር ተቋርጦ ነበር። ከንግሡ ማግስት ቀብር አለ ሲሉ እግዜር ያስለመደኝ ነውና ሄጄ አለቀስኩ። አንዲት አሮጊት ናቸው የሞቱት። ከቀብር መልስ አንድ ሽማግሌ ጠሩኝ።

«እመት፣ መንገድዎ ወደ ላሊበላ ነው አሉ። የሟቿ ልጅ እዚያ ነው፣ ስልክ የለም እንግዲህ። አጎቱ እዚያው ቄስ ናቸው፤ ለእሳቸው ይንገሩልን፣ እሳቸው መርዶውን ያደርሳሉ።»

«ልጁ ምን ይሠራል?»

«ኔትወርክ ነው የሚሠራ።»

ከአጠገባቸው ያለ ሰው «የኔትወርክ ሰው ሆኖ የእናቱ ሞት በእግር ይላክበት» አለ። ሽማግሌው ዝም በል አሉት። መልኩን ጠየቅሁ፣ ነገሩኝ። እሱ ነው።

እናቱን ግደልልኝ አላልኩም ነበር። እንዲያውቀው ብቻ ነበር ያልኩት። ግን መርዶው አፌ ውስጥ ነበር፤ መንገዱን ሁሉ እንደ ከረሜላ ሳገላብጠው ነው የመጣሁ። ግማሹን በእግር፣ ግማሹን በጭነት መኪና ጋቢና። ተራዬን ጠብቄ እገባለሁ፤ በሰልፈኛው ፊት «እናትህ ሞተች» እለዋለሁ፤ ምነው እንዲህ ይነገራል ቢለኝ «ከላይ ነው» እለዋለሁ። ሹፌሩ «እማማ፣ ምን ያስቅዎታል?» አለኝ።

ከሰዓት ደረስኩ። ቄሱ ዘንድ ሳልሄድ መሥሪያ ቤቱ ሄጄ ተሰለፍኩ። ተራዬ ደረሰ። ሰውየው ብርቱካን እየላጠ ነበር፤ ሲያየኝ አወቀኝ።

«እማማ፣ ዛሬም ቪፒኤን ነው?»

ጓደኛው ሳቀ። ቃሉ ምላሴ ላይ ነበር። እጁን አየሁት፤ የብርቱካኑ ውሃ በጣቱ ይወርዳል። እዚያው ብነግረው ብርቱካኑን እንደያዘ ይሰማል፣ ልክ እንደ ልጄ።

«አይ፣ ዛሬስ አንተን ላይህ ነው የመጣሁ» አልኩትና ወጣሁ።

ምሕረት እንዳይመስል። በመስኮቱ ብነግረው ኖሮ ከልጄ ጋር እኩል ሆነ ማለት ነው፤ እኔም ተበደልኩ ብሎ ያርፋል። እኔ የፈለግሁት ሌላ ነው። ከልጄ የወሰደባትን ነገር ሙሉውን እንዲያገኘው፣ አንድም ሳይጎድል፣ ምን እንደነበረ በገላው እንዲያውቀው።

ሄጄ ለቄሱ ነገርኳቸው። ጎረቤቱን በምሥጢር ጠሩ። ጎህ ሲቀድ ደጁ ላይ ተሰበሰብን። ማን ይይዘዋል ሲባል «ቀኙን እኔ እይዛለሁ» አልኩ። «እግዜር ይስጥዎ፣ ይኸን ያህል መንገድ መጥተው» አሉኝ ቄሱ። በሩን አንኳኩ። ከፈተና ሰዉን ሲያይ ገባው። ወደ እኔ ነው የወደቀ፤ ክብደቱ ትከሻዬ ላይ አረፈ፣ ያዝኩት። ጮኸ፣ ተውነው። ደረቱን ሲመታ እጁን ያዝንለት። ውሃ ረጨንበት፣ አንዱ ጋቢ አለበሰው፣ ሴቶቹ አብረውት አለቀሱ። ምንም አልጎደለበትም።

ሲረጋጋ ጆሮው ድረስ ጠጋ አልኩ።

«መርዶ እንዲህ ነው የሚነገር። ልጄ ግን ድስት እያማሰለች ነው የሰማችው፣ የያዛት ሰው የለም። ቁልፏን ያጠፋህብኝ ሴት ነኝ።»

ክንዱ እጄ ውስጥ ሲደርቅ ተሰማኝ። አልለቀቅሁትም። ሰው ሁሉ የማጽናናው መስሎታል።

ጧፉን በማግስቱ አገባሁ።

አርባው ካለፈ በኋላ ከቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ሥር አገኘኝ። ከል ለብሷል። ኔትወርኩ ተመልሶ ነበር።

«ስልክዎን ይስጡኝ እማማ። የማይዘጋ አለ፣ እኔ የምጠቀምበት።»

ሰጠሁት። ጫነው። ቁልፏ ዞረችና አረንጓዴ ሆነች። አላመሰገንኩትም። ስልኩን በሁለት እጁ ሲመልስልኝ ጎንበስ አለ።

«ይቅር ይበሉኝ።»

«ከላይ ተዘግቷል ልጄ» አልኩት።

ለሁለቱ የላስታ ሴቶች ያችን መልእክት የዚያኑ ቀን ላክሁላቸው። ልጄ ራሷ ናት የለመነች፤ «እንዳልሰማሁ አድርጋችሁ ንገሩኝ» አለቻቸው። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቤታቸው ወስደው፣ ግራና ቀኝ ይዘው፣ አባትሽ አርፏል አሏት። ያን ጊዜ ወደቀች። ሁለት ቀን አብረዋት ሆኑ፤ እመቤቷ ተቆጣች፣ ትቆጣ።

«አሁንስ ቀለለኝ» ትላለች ልጄ በመልእክቷ። «እማዬ፣ ሰውየውን ተይው እንግዲህ።»

እሱ አሁንም መስኮቱ ኋላ ነው። ስልክ ይዞ የመጣውን ሰው ሁሉ «ከላይ ነው» ይለዋል፤ ብቻ ድንጋይዋ ላይ ካለሁ ድምፁን ቀነስ ያደርጋል። ለልጄ እሺ ብያታለሁ። ቆሎዬ ግን ገና አላለቀም።