«በሞቴ» ብዬ የጠራሁት ውሻ

ሰሞኑን ጎረቤቴ ጌትነት፣ ባጃጅ ነጂው፣ አንድ ጠጉራም ቡችላ በጃኬቱ አቅፎ ደጄን አንኳኳ። «እትየ፣ የፈረንጅ ክልስ ነው ብለው ሰጡኝ፤ የልጆቼን ተረከዝ እየነከሰ መከራ አሳየን። አብዶ ይሆን እንዴ?» አለኝ። ሐምሌ ነውና ቡችላው በዝናብ በስብሷል፤ የዚያ እርጥብ ጠጉር ሽታ አፍንጫዬ ሲገባ የልጅነት ውሻዬ ትዝ አለኝ።

የኔው ውሻ ምንቸገረው ይባል ነበር። ስሙን ያወጣው አባቴ ነው፤ ያገራችን ሰው ለጎረቤቱ ነገር ሲኖረው በውሻው ስም ይናገር የለ! እናቱ የኛው የቤት ጠባቂ ስትሆን፣ አባቱ ግን ጋፋት አጠገብ ድንኳን ተክለው መንገድ ይቀይሱ የነበሩ ፈረንጆች ይዘውት የመጡት የከብት ውሻ ነው። የኛ ውሻ ጅብ ላይ ይጮኻል እንጂ ከብት አይነዳም፤ ምንቸገረው ግን ማንም ሳያስተምረው ላሞቹን እየዞረ፣ ተረከዛቸውን በጥርሱ ነካ እያደረገ፣ ሰብስቦ በረት ያስገባ ነበር። ከብት ያጣ ቀን ዶሮ ይሰበስባል፤ ዶሮ ካጣም ሰው። አንዴማ የማርያም ማኅበር ተራው እኛ ቤት ደርሶ፣ ጠላቸውን ጠጥተው የሚወጡትን ማኅበርተኞች እየመለሰ አጥር ጥግ አጎራቸው፤ መሪጌታው ሳይቀሩ ጋቢያቸውን ሰብስበው ቆሙ፣ እናቴም በሀፍረት መሬት ተከፍታ ብትውጣት ወደደች።

እሱን መያዝ ታዲያ ቀላል አልነበረም። ያ ረዥም ጠጉሩ ጭጎጎት ለቅሞ ይመጣል፤ ካልተበጠረ ይቆላለፍና ቆዳው ይቆስላል። ስለዚህ ከብቱ ሲገባ የናቴን ሚዶ ሰርቄ አበጥረዋለሁ፣ ፍርፋሪ በአጓት አርሼ አበላዋለሁ። ቡችላ ሳለ አልበላም ሲለኝ ለእንግዳ እንደሚባለው «በሞቴ! በሞቴ ብላ!» እያልሁ ስለምነው፣ ስሙ እሱ መሰለው መሰለኝ፣ «ኩቲ ኩቲ» ቢሉት ዞሮ አያይም፤ እኔ «በሞቴ» ካልሁ ግን ከየትም ይሁን እየበረረ ይመጣል።

አንድ ቀን የአባቴ ታላቅ ወንድም ጋሼ ሞላ፣ እብናት ቆላ ወርደው ከብት የሚነግዱት፣ መጥተው ውሻው ላሞቹን ሲነዳ አዩና ዓይናቸው እሱ ላይ ቀረ። እኔ ፈራሁ። ምንቸገረው በዚህ በኛ ብርድ አገር እንኳ ቀትር ላይ ጥላና ውኃ ካላገኘ ምላሱን ጎልጉሎ ይዘረራል፤ ቆላ ቢወርድማ ያ ሁሉ ጠጉር ይገድለዋል። ስነፋረቅ አባቴ አየኝና «ምን ያስለቅስሻል? ጊዮርጊስን! ያንችን ውሻ ለማንም አልሰጥም» አለኝ። አባቴ ምሎ! እምባዬን ጠርጌ ወደ ጨዋታዬ ሄድሁ።

በነጋታው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ «ልጄ፣ ውሻሽን እስቲ ጥሪውና አበጥሪው» አለኝ። ሚዶውን ራሱ አቀበለኝ። እንዲህ ያለ ነገር አድርጎልኝ ስለማያውቅ ደስታዬ ልክ አልነበረውም። «በሞቴ!» አልሁ። መጣ፤ ጭኔ ላይ ራሱን ጥሎ ዓይኑን ጨፈነ። እኔ ጭጎጎቱን ስለቅም ጋሼ ሞላ ከኋላዬ ዘልቀው ገመድ አንገቱ ላይ አጠለቁበት። እየጎተቱ ሲያወጡት አባቴን አላየም፣ ጋሼ ሞላንም አላየም፤ እኔን ብቻ እያየ ሄደ።

«አባየ፣ ምለህ አልነበር?» ስለው፣ «የታላቅ ወንድም ቃል ይጣላል እንዴ? ደሞስ እኔ ብጠራው መች ይመጣል!» አለና ሳቀ፤ ብልሃት መሆኑ ነው! በገዛ አፌ አስይዞብኝ ይስቃል። ዛሬም ሳስበው ያንገበግበኛል።

ክረምቱ ወጥቶ መስከረም ሲጠባ፣ ምንቸገረው የተበጠሰ ገመዱን አንጠልጥሎ መጣ። ከስቷል፣ ጠጉሩ ቦታ ቦታ ረግፏል። እልል ብዬ ወጣሁ፤ «በሞቴ! በሞቴ!» አልሁት። ቆመ። ከዚያ ጅራቱን እግሩ መካከል ወሽቆ ወደ ኋላ አፈገፈገ፣ በሩቁም ዞሮኝ አልፎ አባቴ እግር ሥር ተኛ። አባቴ ጆሮውን እያሻሸ «አየሽ? ውሻ በበላበት ይጮኻል» አለኝ። ያበላሁት እኔ! ከዚያ በኋላ እስኪሞት ከኛው ጋር ኖረ፣ ከብቱንም እንደ ድሮው ነዳ፤ ከእጄ ግን አንዲት ጉርሻ አልተቀበለኝም።

ለጌትነት «አላበደም፣ ሥራ ፈትቶ ነው፤ አሩጠው፣ አበጥረው፣ ከፀሐይ ሰውረው» ብዬ ሸኘሁት። ሌላውን ምን ብዬ እነግረዋለሁ?

አባቴ የተቀበረ ዕለት ሽማግሌዎቹ «ቃሉን የማያጥፍ፣ ማተቡን የማይበጥስ ሰው ነበር» ብለው አለቀሱለት። እኔም ደረቴን እየደቃሁ አለቀስሁ። ለቀስተኛው «አባቷን እንዴት ትወደው ኖሯል!» አለ። እወደው ነበር፤ እስከዚያች እሑድ ድረስ።