የዋርካው ቦታ

በሸዋሮቢት አሮጌው ገበያ መሃል የነበረው ትልቅ ዋርካ ከተቆረጠ ዓመታት አልፈዋል። ጉቶው እንኳ ተነቅሏል። ነጋዴዎቹ ግን ዛሬም ቦታውን ባዶ ትተው ዙሪያውን ይቀመጣሉ። ይሄ ያናድደኝ ነበር። ሰው እየተጋፋ ለሌለ ዛፍ ቦታ መልቀቅ ምን የሚሉት ነገር ነው?

ባለፈው ረቡዕ ማሾ ልገዛ ሄጄ ዘንቢሌን ባዶው ላይ አስቀመጥኩ። ማሾ የሚሸጡት እናት ቀና ብለው አዩኝና፣ «ልጄ፣ ከዋርካው ላይ አንሣው» አሉኝ።

«የቱ ዋርካ፣ እትዬ?»

ቀትር አልፎ ነበርና እሳቸው ጆንያቸውን ወደ ምሥራቅ በኩል መጎተት ጀመሩ። ድሮ ከሰዓት በኋላ ጥላው የሚያርፈው በዚያ ነበር። ሌሎቹም ተከትለዋቸው ዞሩ። ፀሐዩ እንደሆነ እዚህም እዚያም አንድ ነው።

ዘንቢሌን አነሣሁ። በመሃል አቋርጬ እሳቸው ጋ መድረስ ስችል፣ እኔም ባዶውን ዞሬ ሄድኩ።