ለጊፋታ የመጣው በሬ

ሶዶ የዞን ከተማ በሆነች ሰሞን ነው። ለጊፋታ፣ ማለትም ለወላይታ ዘመን መለወጫ፣ የየሰፈሩ ወንዶች ቅርጫ ይገባሉ፤ በሬ በጋራ ገዝተው፣ አርደው፣ መደብ በመደብ ይካፈላሉ። በጊፋታ ሥጋ ያልገባበት ቤት የሰፈር መነጋገሪያ ስለሚሆን ከቅርጫ መቅረት የሚፈልግ የለም። የኛ ሰፈር ቅርጫ አባላት ባሌ፣ አንድ መምህር፣ አንድ ግንበኛና አንድ የአይሱዙ ሹፌር ነበሩ። አራቱም እሁድ እሁድ አንድ ጸሎት ቤት ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። ባሌ ባለሱቁ ጎረቤታችን በስህተት ሁለት ሳሙና ቢጠቀልልለት አንዱን ሊመልስ ዝናብ ውስጥ የሚወጣ ሰው ነው።

ግቢያችን ሰፊ ስለሆነ በሬው ሁሌም እኛ ጋ ይታሰራል። ያን ዓመት ሹፌሩ በርካሽ አገኘሁት ብሎ ከዲምቱ በኩል ጭኖ አመጣው። ገና ከመኪናው ሲወርድ ዓይኔ አልወደደውም። እኔ ቤሌ አጠገብ ከብት መሀል ነው ያደግሁት። ለቅርጫ የሚመጣ በሬ የደለበ ነው፤ ይሄኛው ጎኑ የገባ፣ ጫንቃው ላይ ቀንበር የላጠው ቁስል ገና ያልሻረ ነበር። የሚያርስበትን በሬ፣ ያውም ለጊፋታ ሁሉ ነገር በሚወደድበት ሰሞን፣ በርካሽ የሚሸጥ ገበሬ አይቼ አላውቅም።

«ከየትኛው ገበያ ነው?» አልኩት ሹፌሩን።

«ገበያ ምን ያደርጋል? ከሰው እጅ ነው» አለ፤ ዓይኑን ከበሬው ሳያነሳ።

ባሌን ለብቻው አግኝቼ፣ «ይሄ የሃራ በሬ እንዳይሆን» አልኩት። ሃራ ማለት ባለከብቱ ከብቱን ለሌላ ሰው ሰጥቶ የሚያስጠብቅበት ልማዳችን ነው፤ ስለዚህ በሰው በረት የቆመ ከብት ሁሉ የባለበረቱ አይደለም። ባሌ ተቆጣ። «መምህሩ ገብቶበት የለ እንዴ? ነገሩ ንጹሕ ባይሆን እሱ ይገባ ነበር?»

በማግስቱ መምህሩን መንገድ ላይ ያዝኩት። «እውነቱን ለመናገር እኔንም ትንሽ ከንክኖኝ ነበር» አለኝ። «ግን ያንቺ ሰውዬ የቢሮ ሰው ነው፣ ሕግ ያውቃል። እሱ ዝም ካለ ብዬ…» ግንበኛው ደግሞ ሁለቱ የተማሩ ሰዎች ካሉበት እኔ ምን አገባኝ አለ። ደሜ ፈላ። አንዱ በሌላው ተደግፎ ቆሟል፤ መሬት የረገጠ ግን አንድም አልነበረም።

ሞኞች ናቸው እንዳልል፣ በዚያው ቀን አመሻሽ ከቤቱ ኋላ ሲመክሩ ሰማኋቸው።

«ሥጋ ከሆነ በኋላ የማን እንደነበር ማን ያውቃል?» አለ ግንበኛው።

«ባለቤት ነኝ ባይ ቢመጣስ? ሻጩ ይጠየቃ! እኛ ገዢ ነን» አለ ሹፌሩ።

«ደግሞስ ስንታችንን ሊያስሩ ነው?» አለ መምህሩ። ተሳሳቁ። የባሌን ሳቅ ለየሁት። ከዚያ እርዱን ከታሰበው ቀን አስቀድመው ለነገ ጠዋት አደረጉት፤ በሬውንም ከመንገድ እንዳይታይ ጓሮ፣ እንሰቱ ኋላ አሰሩት። በንጹሕ ግዢ ደስ ያለው ሰው ምን ያስቸኩለዋል? እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም።

ጠዋት ቢላ እየተሳለ ሳለ አንዲት ሴት በራችን ላይ ቆመች። በእድሜ እኔን ታህላለች፤ እግሯ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ነው።

«ወንድሞቼ፣ ቀይ በሬ አላያችሁም?» አለች በወላይትኛ። «ለሃራ የሰጠሁት ሰው ሸጦብኝ ጠፋ። አይሱዙ ላይ ሲጫን ያዩ ሰዎች ናቸው ወደዚህ ሰፈር የላኩኝ። ባሌ ከሞተ ወዲህ ማሳዬን የማሳርሰው በሱ ነው፤ ሌላ የለኝም።»

ሹፌሩ መምህሩን አየ። መምህሩ ግንበኛውን አየ። እኔ የማየው ባሌን ብቻ ነበር፤ እሱ የሚያየው ደግሞ ጓደኞቹን።

«እንግዲህ እናጠያይቅልሻለን» አለ መምህሩ፣ ጸሎት ቤት በሚናገርበት ለስላሳ ድምፅ። ሴትዮዋ አመስግናው ዞረች። አመስግናው! ባሌ አፉን አልከፈተም።

«እህቴ፣ ተመለሺ» አልኩ። «በሬሽ እንሰቱ ኋላ ታስሯል።»

ፈትታ ይዛው ስትሄድ ያስቆማት የለም። እኛም ጊፋታን በቆጮና በዳታ በርበሬ ብቻ ዋልን። ልጆቼ አኮረፉኝ፤ የሰፈር ሴቶችም ባሏን በሰው ፊት አዋረደች ብለው አሙኝ። ይሁን፣ ጊፋታ በየዓመቱ ይመጣል።

የገረመኝ ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። መምህሩ ብቻዬን ሲያገኘኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ልነግራት አፌ ላይ ደርሶ ነበር እኮ፤ ቀደምሽኝ» አለኝ። ግንበኛውም እንደዚያው። ሹፌሩ እንኳ ሳያፍር ይህንኑ አለ። ሳቅሁባቸው፤ አንዳቸውንም አላመንኩም።

አንድ ቀን ባሌ ጫማውን እያሰረ፣ ቀና ሳይል፣ «ልነግራት ስል እኮ ነው የቀደምሽኝ» አለኝ።

በእሱ መሳቅ አቃተኝ። ከዚያ በፊትም ሆነ ከዚያ ወዲህ ዋሽቶኝ አያውቅም፤ ወይም ያወቅሁበት ውሸት የለም። ያችን ጠዋት ስንት ጊዜ እንዳገላበጥኳት! ትንሽ ብታገሥ ኖሮ ባሌን አውቀው ነበር፤ ሴትዮዋ ግን ያን ጊዜ ባዶ እጇን መንገዱን ተያይዛው ነበር።