ለሚስተር ዋልተር መርዶ ይዤ የሄድኩ ዕለት

ዛሬ ጎህ ሲቀድ... ሴንቴኒያል ሂልስ የሚባለው የፈረንጅ ሰፈር፣ ሚስተር ዋልተር በር ላይ ነጠላችንን ዘቅዝቀን ቆመናል። እኔ፣ ጎረቤቶቼ እትዬ አስካለና ሙሉ፣ ሦስታችንም በማስክ።

ሚስተር ዋልተር ቤታቸው እየሄድኩ የማስታምማቸው ሽማግሌ ናቸው። በወጣትነታቸው ከታናሽ ወንድማቸው ጋር የጥንት የካውቦይ ዘፈን በሬዲዮ ይዘፍኑ ነበር። ወንድምየው በኮቪድ ሆስፒታል ገባ። ዛሬ ቀትር ላይ ነርሷ ስልኩን ጆሮው ላይ ልትይዝለት፣ እሳቸው ሊዘፍኑለት ተቀጣጥረው ነበር።

ትናንት ሺፍቴ ሳያልቅ የወንድምየው ልጅ ደወለችልኝ። «አባዬ አረፈ። አሁኑኑ ንገሪልኝ» አለች።

እንዴ! መርዶ በምሽት፣ ያውም ብቻውን ለሚያድር ሰው ይነገራል? «ለጠዋት ተይው፣ ሰው ይዤ እነግራቸዋለሁ» አልኳት። እያለቀሰች እሺ አለች። ሽማግሌው ግን ሳሎን ቁጭ ብለው ዘፈኑን ይለማመዳሉ። ሳህን የማጥብ መስዬ ኩሽና ተደበቅሁ።

ጠዋት በሩን ከፍተው ሲያዩን መናገር እንኳን አላስፈለገኝም።

«መቼ?» አሉኝ።

«ትናንት።»

«ማታ ስዘፍን ታውቂ ነበር?»

«አዎ» አልኩ። ይሄኔ እትዬ አስካለ ለቅሶውን ለቀቁት። ሙሉም ተከተለች።

«ወንድሜን ያውቁታል?» አሉ ግራ ገብቷቸው።

«አያውቁትም።»

«ታዲያ ለምን ያለቅሳሉ?»

«እርስዎ ብቻዎን እንዳያለቅሱ ነው።»

ከዚያ ደረጃው ላይ ቁጭ ብለው ጊታራቸውን አስመጡኝ። እኛ ራቅ ብለን ቆምን፤ በዚህ በሽታ ማቀፍ የለ፣ ምን የለ።

ዘፈኑ ስለሚያጣጥር ካውቦይ ነው፤ ሜዳ ላይ ብቻዬን አትቅበሩኝ እያለ ጓደኞቹን ይለምናል። ወንድምየው የሚቀበልበት ቦታ ሲደርሱ ዝም አሉ። የሱን ተራ ጠብቀው፣ ቀጠሉ። እኔም እንባዬን መያዝ አቃተኝ።

ቀብሩ ላይ ማንም እንዳይገኝ ተብሏል። የገዛ ልጁም ብትሆን።

ካውቦዩስ ቢያንስ የሚለምነው ሰው አጠገቡ ነበረ...