ያልጻፍኩት የአክስቴ ድምፅ

የሰፈራችን ቅሬ በየወሩ የመጀመሪያው እሑድ ረፋድ ላይ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ይሰበሰባል። ባለ ወፍጮው ሞተሩን ያጠፋል፤ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም እዚያ በተከመረው የባሕር ዛፍ ግንድ ላይ ይደረደራል። ሰው ሲሞት መቃብር የሚቆፍረው፣ ድንኳን የሚተክለው፣ ሐዘንተኛውን የማይለየው ይህ ቅሬ ነው። በከተማችን በመካነ ሰላም ቅሬ የሌለው ሰው እንግዳ ሆኖ ይኖራል፤ እንግዳ ሆኖ ይሞታል።

እኔ ጸሐፊው ነበርኩ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ተፈትኜ ውጤት አልመጣልኝም። ለሰው ማመልከቻ እየጻፍኩ፣ በተረፈው ወረቀት ላይ ግጥም እየሞከርኩ እውል ነበር። የቅሬው ዳኛ ጽሕፈቴን አይተው መዝገቡን ሰጡኝ። ሰው ጎበዝ ብሎ የሰጠኝ የመጀመሪያው ሥራ ስለሆነ እንዳይወሰድብኝ እፈራ ነበር።

አክስቴ ባሏ ከሞተ ወዲህ በእሱ ቦታ አባል ናት። ከጓሮ ያለችውን አንዲት ክፍል ከዐረብ አገር ለተመለሰች ወጣት ሴት አከራይታ ነበር። ይህች ሴት ሠላሳ ዓመት አይሞላትም። የመጣችው አንዲት ሕፃን ልጅ ይዛ ነው፤ የልጅቷን አባት ማንም አያውቅም። ገጠር ያሉት ወላጆቿ ደጃቸውን ዘጉባት። መናኸሪያው በር ላይ ሻይና ሳምቡሳ ትሸጥ ነበር።

ከእኛ የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በራሷ ስም ቅሬ መግባት። ምክንያቱን ለአክስቴ ስትነግራት ሰምቻለሁ። እዚያ አገር አብራት የነበረች ጓደኛዋ ሞታ፣ ሬሳዋን የሚጠይቅ ሰው ጠፍቶ ሆስፒታል ፍሪጅ ውስጥ ወራት ቆየች። «እትዬ፣ ሞትን አይደለም የምፈራው» አለቻት። «ወላሂ አይደለም። የሚያነሳኝ ማጣትን ነው።»

የቅሬው ደንብ ግን ያላገባች ሴት በአባቷ ስም እንጂ በራሷ አትገባም ይላል። ጉዳዩ የቀረበ ዕለት ዳኛው «አባቷ ያስመዝግባት» አሉ፤ ሰዉም ልክ ነው አለ። አክስቴ ተነሳች።

«አባቷማ አላውቃትም ብሏል። ልጅቱ ትመዝገብ።»

«እቴ፣ ለእሷ ብለን ደንብ እንሻር?» አሏት ዳኛው።

«ደንቡን ያወጣችሁት አንቱና እነዚሁ አይደላችሁ? ልጅቱ ትመዝገብ።»

«የቤት ኪራይዋ እንዳይቋረጥባት ሰግታ ነው!» አለ አንዱ ከኋላ። ግንዱ ላይ የተቀመጠው ሁሉ በሳቅ ተንፈራፈረ።

አንድ አባል ተቃውሟል ብዬ ልጽፍ ስል ዳኛው ወደ መዝገቡ ጎንበስ አሉ። «ለአንድ ሰው ብለህ ወረቀት አታበላሽ፣ ልጄ። በሙሉ ድምፅ ተወሰነ በል።» እንዳሉት ጻፍኩ።

በወሩ አክስቴ ያንኑ ቃል ይዛ ተነሳች። በሚቀጥለውም እንዲሁ። ድምፅዋን ከፍ አታደርግም፤ አትሳደብም፤ የምትለውንም አትለውጥም። መጀመሪያ ሳቁባት፣ ቀጥሎ ተሰላቹ፣ ከዚያ ተቆጡ። መንገድ ላይ ሰላምታ የነሷት ነበሩ። ለተከራይዋ ግን «ይሆናል፣ ታገሺ» ከማለት ሌላ የስብሰባውን አትነግራትም ነበር። እኔም በየወሩ በሙሉ ድምፅ እያልኩ እጽፋለሁ። የመጀመሪያው ነው እንጂ የከበደኝ፣ ሌላው ቀላል ነበር።

በአምስተኛው ወር ጤፍ ላስፈጭ ሄጄ ባለ ወፍጮው አካባቢውን ገላመጥ አድርጎ ወደ ጆሮዬ ተጠጋ።

«አክስትህ እኮ እውነቷን ነው። የእኔም እህት ኩዌት ናት።»

«ታዲያ ስብሰባው ላይ ለምን አትናገርም?»

«አንተስ?»

ዱቄቱን ተሸክሜ ወጣሁ። ከዚያ ቀን በኋላ ግን ሰዉን በሌላ ዓይን ማየት ጀመርኩ። ስብሰባው ላይ አክስቴን የሚያፋጥጣት ሰው ሁለት ሁለት ሆኖ ወደ ቤቱ ሲሄድ ያቺኑ ጥያቄዋን እያነሳ ይከራከራል። በሰባተኛው ስብሰባ ባለ ወፍጮው መሬት መሬት እያየ «እስቲ እንየው ነገሩን» አለ። ያን ቀን የሳቀ አልነበረም። ውሳኔው ግን ለጊዜው በነበረበት ይቆይ ተባለ፤ እኔም የለመድኩትን ጻፍኩ።

በማግስቱ በአክስቴ ደጅ ቁጭ ብዬ ቃለ ጉባኤውን ስገለብጥ ያቺ ሴት ከገበያ ተመለሰች። «ልየው?» ብላ መዝገቡን ወሰደች። ማንበብ ትችላለች። ገጹን ቀስ እያለች ገለጠችው።

«ሰባት ጊዜ በሙሉ ድምፅ?»

ብዕሬን ከደንኩ።

«እትዬም?»

አንድ ቃል ይበቃ ነበር። አይደለም፣ እሷ በየወሩ ተነስታለች፣ የዋሸሁት እኔ ነኝ ማለት። ነገ እነግራታለሁ ብዬ አሰብኩ። መዝገቡን ዘግታ አቀበለችኝና «ጽሕፈትህ ያምራል» አለች።

በአራተኛው ቀን ልጇን ለአክስቴ ትታ በደሴው አውቶቡስ ሄደች። እስክትደላደል ነው አለች። ወደ ዐረብ አገር የሚሻገሩ ስደተኞች ከሚያልፉባት ከሎግያ አንድ ጊዜ ደወለች። ልጇን አናገረች፤ አክስቴ ስልኩን ስትቀበላት «እትዬ፣ ስላስቸገርኩዎ ይቅር ይበሉኝ» ብላ ዘጋችው። አክስቴ ስልኩን እያየች «አንቺ ትለኝ አልነበር? ምነው ባዳ ሆነችብኝ?» አለች። ከዚያ ወዲህ ስልኳ ዝግ ነው።

በስምንተኛው ስብሰባ ዳኛው ከዘራቸውን ተደግፈው ተነሱ። «ሰሞኑን ሳስብበት» አሉ፣ «ከስደት የሚመለሱት ልጆቻችን ናቸው። በየስማቸው ቢመዘገቡ ምን ይጎዳናል?» እጅ ሁሉ ወጣ። የአክስቴም ወጣ።

«ዛሬስ ከእኛ ጋር ተስማማሽ!» አላት ያ በኪራዩ የቀለደባት። «አብሽሪ፣ ሰው ይሻሻላል!» አጨበጨቡላት።

«በሉ ልጅቱን ጥሯትና ትፈርም» አሉ ዳኛው።

«ሄዳለች» አለች አክስቴ።

«እንግዲህ የሌለ ሰው አይመዘገብም» ብለው ወደሚቀጥለው ጉዳይ አለፉ።

ቆይቶ አንድ መምህር ጎረቤታችን ባዋሰኝ የሥነ ልቦና ሞጁል ላይ ይህንኑ አገኘሁት። ጥቂቶች ቃላቸውን ሳይለውጡ ሲጸኑ ብዙኃኑ ቀስ እያለ ይለወጣል፤ ሐሳቡን ወስዶ ባለቤቱን ይረሳል። ገጹን ደጋግሜ አነበብኩት። ስለ ጸሐፊው ምንም አይልም።

ደንቡ በተሻሻለበት በዚያ እሑድ ወደ ቤት ስንመለስ ለአክስቴ ሁሉንም ነገርኳት። ሕፃኗ ጀርባዋ ላይ ተኝታ ነበር። አክስቴ መንገዱ መሀል ቆመች።

«አንብባዋለች?»

«አዎ።»

«እኔም እጄን ያወጣሁባት መስሏት ነው የሄደችው?»

አክስቴ አልሰደበችኝም፤ ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ልጅቷን ወደ ላይ ሳብ አድርጋ መቀነቷን አጠበቀችና «ይህን ለእኔ አይደለም የምትናገረው» ብላ ጥላኝ ሄደች።

በዘጠነኛው ስብሰባ መዝገቡን ግንዱ ላይ አስቀምጬ ተነሳሁ። ሰባቱም ውሳኔ በሙሉ ድምፅ እንዳልነበረ፣ አንዲት ሴት በየወሩ እንደተቃወመች፣ እሷን መሰረዜንና በዚያ ምክንያት ተከራይዋ መሄዷን ተናገርኩ። ይታረም አልኩ።

«ይኸው ከአክስቱ ተጋባበት!» አለ አንዱ። ሳቁ።

«ያለቀ ነገር ነው፤ ደንቡም ተሻሽሏል» አሉ ዳኛው በገርነት። መዝገቡን ካስቀመጥኩበት አንስተው አጠገቤ ለተቀመጠው ለዚያ መምህር ጎረቤታችን ሰጡት። መምህሩ ብዕር ከኪሱ አውጥቶ ጻፈ። ምን ብሎ እንደጻፈ አላየሁም።

በዚያች ሴት ስልክ ላይ ረጅም መልእክት ልኬያለሁ፤ ግጥም የለበትም፤ አክስቴ በየስብሰባው ያለችውን ቃል በቃል የያዘ ነው። አክስቴ በየቀኑ ጠዋት «ደረሳት?» ትለኛለች። ስልኩን ከፍቼ አያለሁ። ገና ነው እላታለሁ።