ያለ ማር የተቆረጠ ነገር

ታናሽ እህቴ ሥራነሽ ደብረ ማርቆስ ተወልዳ ያደገች አብራሪ ናት። አባታችን መሪጌታ ዘማርያም ዜማ ያስተምራሉ። እኛ ቤት ትልቅ ሰው ሲናገር አይቋረጥም። የግድ ከሆነ «ነገርዎን በማር ልቁረጠው» ይባላል፤ «ቁረጭው» ካሉ ነው እንግዲህ መናገር። ሥራነሽ ይህንን ሰማይ ላይም ይዛው ወጣች።

የምትሠራው አንድ ትንሽ የግል ድርጅት ውስጥ ነው፣ ረዳት ሆና። ዋናው አብራሪ ጋሽ ውበቱ የደብረ ኤልያስ ሰው ናቸው፤ በእናታችን በኩል ይዛመዱናል፤ ሥራውንም ያስገቧት እሳቸው ናቸው።

ባለፈው ክረምት ተራራ ከከበበው ከተማ ተነሡ። መሬቱን እንደለቀቁ ደመና ዋጣቸው። ደመና ውስጥ በዓይን የሚታይ ነገር ስለሌለ መሣሪያ እያዩ ነው የሚሄዱት፣ አስቀድሞ በተሰጣቸው መውጫ መንገድ። የዚያን ቀን መንገድ ትንሽ ከፍ ብሎ ወደ ግራ መታጠፍ ነበር። በቀጥታ ከሄዱ ተራራ ነው። ጋሽ ውበቱ እያበረሩ ማርቆስ ስለሚያሠሩት ቤት ያወጋሉ፤ ግንበኛው ቀብድ በልቶ ጠፍቶባቸዋል። ንዴቱ ሲይዛቸው መታጠፊያውን አለፉት።

ሥራነሽ አየች። «ጋሼ፣ ነገርዎን በማር ልቁረጠውና...» ስትል እጃቸውን አነሡባት፤ ልጨርስ ማለታቸው ነው። እሷም ዝም አለች። ያ ዝምታዋ እስከ ዛሬ ያናድዳታል። ትንሽ ቆይታ ግን ጮኸች።

«አንተ! ግራ ታጠፍ!»

ታጠፉ። ተረፉ።

ሲያርፉ ስህተታቸውን ራሳቸው ለድርጅቱ ተናገሩ፤ በዚህ አይታሙም። አልዋጥ ያላቸው «አንተ» መባላቸው ነው። ይቅርታ ካልጠየቀች አብሬያት አልበርም አሉ። እዚያ ድርጅት እሳቸው እምቢ ካሉ የእሷ ሥራ አበቃ ማለት ነው።

መስከረም ላይ ሽማግሌ ይዘው ቤታችን መጡ። ሽማግሌው ጋሽ ገዳሙ ነገሩን ከቅድመ አያት ጀምረው ስለ ልጅ አስተዳደግ ብዙ ተናገሩ። አባዬ አንገታቸውን ደፍተው ይሰማሉ። ኋላ ጋሽ ገዳሙ ወደ እሷ ዞረው «ይታጠፉ ማለት እንዴት አቃተሽ ልጄ? የአንድ ሁለት ፊደል ነገር እኮ ናት» አሉና ደግሞ ሊቀጥሉ ሲሉ፣ እህቴ አባዬን አየቻቸው።

«አባዬ፣ ነገሩን በማር ልቁረጠው?»

አባዬ ቀና አሉ። «ቁረጭው።»

ሄዳ የጋሽ ውበቱን ጉልበት ሳመች። ሁሉም ደስ ሊለው ሲል ተነሥታ ቆመች።

«ይህ ለዘመድነትዎ ነው ጋሼ። ምድር ላይ እስክሞት አንቱ እልዎታለሁ። ያን ቀንም በማር ብዬዎት ነበር፤ ማሩ እስኪያልቅ ተራራው ይደርስ ነበር። ነገም መንገድ ከሳቱ አንተ ነው የምልዎት። ለእሱ ይቅርታ አልጠይቅም።»

ጋሽ ውበቱ እህል ሳይቀምሱ ወጡ። እኔ አለቀሰች ብዬ ጓዳ ብገባ የሥራ ሸሚዟን ትተኩሳለች።

ሰኞ ማንም ሳይጠራት ሄዳ አውሮፕላኑ ውስጥ ወንበሯ ላይ ተቀመጠች። ጋሽ ውበቱ መጡ፣ አዩዋት፣ አጠገቧ ተቀመጡ። ሰማዩ ደመና ነበር። ከዚያው ተራራ ከከበበው ከተማ ተነሥተው ደመናው ውስጥ እንደገቡ «ያ ግንበኛ...» ብለው ጀመሩ።

ሥራነሽ እጇን አነሣች። ማርም የለ፣ ጋሼም የለ።

እሳቸውም ወሬውን ትተው ወደ ግራ ታጠፉ።