ከቤተ መንግሥት ወጣ የተባለው ቀለበት

ልብስ ሰፊዋ ከአያቷ የወረሰችውን የወርቅ ቀለበት ቤተ ዘመዱ ሁሉ «ከቤተ መንግሥት የወጣ ነው» ይለው ነበር። በተለይ አክስቷ ሰው በተሰበሰበበት ሁሉ ወሬውን እያሳመረች ታወራዋለች።

አንድ ቀን የቀለበቱ ፈርጥ ቢላላባት ወደ አንድ ሽማግሌ ወርቅ ሠሪ ወሰደችው። ሰውየው በማጉያ መነጽሩ ውስጡን ሲያይ ቆየና ሳቁ አመለጠው።

«ልጄ፣ ይህ የአባቴ ሱቅ ማኅተም ነው። አጠገቡ ያለችው ቅጠል ደግሞ የሠራችው ልጅ ምልክት ናት። አባቴ ሙያውን ያስተማራት ሴት እሷ ብቻ ናት። አግብታ እስክትሄድ ሦስት ዓመት እዚህ ሠርታለች፤ እጇ ራሱ ወርቅ ነበር።»

ስሟን ሲነግራት የአያቷ ስም ሆነ። ልብስ ሰፊዋ ሳቅና እንባ ተቀላቀሉባት። መርፌ ላይ ክር እንኳ «አስገቢልኝ» እያለች ትለምናት የነበረችው አያቷ ይህን ሁሉ ሙያ ለማንም ሳትናገር ኖራለች።

አውቶቡስ ውስጥ ገብታ ለአክስቷ ደወለች።

«እትዬ፣ ቀለበቱ ከቤተ መንግሥት አልወጣም።»

«ታዲያ ከየት ወጣ?»

«ከእናትዎ እጅ። ራሳቸው ናቸው የሠሩት።»

«እኔም ጠርጥሬ ነበር» አለች አክስቷ፤ «አባታችን መቼ ወርቅ ገዝቶ ያውቃል?»

ልብስ ሰፊዋ ስትስቅ ሦስት ፌርማታ አለፋት።